በሁለት ፈረቃ መካከል

የጂንካው ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ክፍል ስላልነበረው በፈረቃ ያስተምር ነበር። ግማሹ ጠዋት ይማራል፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ። የጠዋት ተማሪዎች እየተንጫጩ ከግቢው ይወጣሉ፤ የከሰዓቶቹ በሩ እስኪከፈትላቸው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ። በመካከሉ ያ ሁሉ ሰው የሚርመሰመስበት ግቢ ለጥቂት ጊዜ ጭር ይላል። ሶሲ እና እዮብ የሚዋደዱት በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነበር።

እዮብ የጠዋቱ ፈረቃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የመጨረሻ ክፍለ ጊዜውን የሚያስተምረው ዘጠነኛ ሲ ውስጥ ነው። ሶሲ የከሰዓቱ ፈረቃ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዋ እዚያው ክፍል ውስጥ ይጀምራል። ትውውቃቸው የተጀመረው በጠብ ነው። አንድ ቀን ሶሲ ቀደም ብላ ስትገባ ጥቁር ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር በካርታ ተሞልቶ አገኘችው። እሱ ደብተሮቹን እየሰበሰበ ነበር።

"ሰሌዳውን አጥፍተህ ብትወጣ ምን ነበረበት?" አለችው።

"የኦሞን ወንዝ በገዛ እጄ ማጥፋት ከበደኝ። አንቺ አጥፊው" አላት፤ ሳይስቅ።

ሶሲም አላጠፋችውም። የዚያን ቀን ትምህርቷን ከሰሌዳው ጥግ በተረፈችው ባዶ ቦታ ላይ እያጨናነቀች ጻፈች፤ ተማሪዎቹ ግራ ገባቸው። በማግስቱ እዮብ ካርታውን አሳንሶ፣ ከሰሌዳው ግማሹን ለእሷ ትቶላት ነበር። ያን ንጹሕ ግማሽ ስታይ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ ሲል ተሰማት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን አብረው ሻይ ቤት ተቀምጠው አያውቁም። ጂንካ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሶሲን አባት አቶ ፋንታሁንን የማያውቅ የለም። አያታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም በቡና እና በኮረሪማ ንግድ ስም ያወጡ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

እዮብ ማን እንደሆነ ከሶሲ የደበቀው ነገር አልነበረም። ገና በተዋወቁ ሰሞን ፊት ለፊት እያያት "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት" አላት። የሚያየው ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር ነበር።

ሶሲ ጂንካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከአካባቢው ተወላጆች ከአሪዎቹ መካከል ገበሬዎቹ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር አይጋቡም፤ በአንድ ገበታ አይቀርቡም። የእሷም ቅድመ አያቶች ከሰሜን ሲመጡ ይህንኑ ልማድ በራሳቸው መንገድ ይዘውት መጥተዋል። በብዙ ነገር የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በዚህ በአንዱ ይስማሙ ነበር።

"እና ምን ይሁን?" አለችው።

"ምንም። እንድታውቂው ብዬ ነው።"

ሶሲ ምን ይሁን ያለችው ከልቧ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሱ የቾክ አቧራ ከእጅጌው ላይ እያራገፈ ሲያያት ሁሉም ነገር ቀላል ነበር። ከበሩ ውጭ ግን ቃሏን ሞክራው አታውቅም።

የሞከረችው አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው።

ከእናቷ ከወይዘሮ ሙሉሽ ጋር ለሳምንት የሚሆን ሽንኩርት እና ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ሊገዙ ወጥተው ነበር። ገበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሶሲ የሸክላ ተራውን ሳታስበው ቀና ብላ ስታይ እዮብን አየችው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከአንዲት አጠር ያለች ሴት ጀርባ ላይ በገመድ የታሰሩትን እንስራዎች አንድ በአንድ እየፈታ ሣር ላይ ያስቀምጣል። ሴትየዋ አንገቷን እያሻሸች የሆነ ነገር ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። ሶሲ እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሳቁ ገና ከፊቱ ላይ አልጠፋም ነበር። እጁን ከፍ ሊያደርግ ጀመረ፤ ሊጠራትም ይሆናል፤ "እማ፣ ያቻት" ሊልም ይሆናል።

"ያ አስተማሪያችሁ አይደል?" አለች ወይዘሮ ሙሉሽ ከአጠገቧ። "ባለፈው አባትሽ በስብሰባ ላይ ያመሰገነው?"

ሶሲ ፊቷን አዞረች። "አይ፣ እሱ አይደለም" አለች።

እናቷ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች። ሶሲ ከእሷ ኋላ ቆማ የቦዬውን አፈር በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም። ያ ከፍ ማለት የጀመረው እጅ የት እንደደረሰ ግን ከሐሳቧ አልወጣም።

ሰኞ ዕለት ክፍሉ ስትደርስ እዮብ ሰሌዳውን ጨርሶ አጥፍቶታል። ካርታም፣ ጽሑፍም የለም። በመስኮቱ በኩል ቆሟል።

"እዮብ፣ እናቴ አብራኝ ነበረች" አለች ገና ከበሩ።

"አየሁ።"

"ደነገጥኩ። ሌላ ምንም አይደለም። እሱ አይደል ወይ አለችኝ፤ አይደለም አልኳት። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።"

እዮብ ከመስኮቱ ዞረ። "የተቆጣሁ መስሎሻል?" አላት።

"ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።"

"አንቺ ፊትሽን ካዞርሽ በኋላ እናቴ ጠየቀችኝ። ያቺ ያየሃት ልጅ ማን ናት አለችኝ። አላውቃትም አልኳት። ሶሲ፣ እኔ እናቴን ዋሽቻት አላውቅም። አንቺ ስትዞሪ ያመመኝ ትንሽ ነው። የእኔ ነው የባሰው። ባንቺ ማፈሬ ነው በእሷ ማፈሬ ነው፣ እስካሁን አልለየልኝም።"

ሶሲ ሄዳ ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደገፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር። ሸሚዙ ላይ የቾክ ሽታ አለ። "ዛሬ ማታ ለአባቴ እነግረዋለሁ" አለችው። "ከእንግዲህ ማንንም አላውቅም አትልም።"

እሱ ፀጉሯን ዳሰሰ፤ እጁ ግን ያመነ ሰው እጅ አልነበረም።

አቶ ፋንታሁን ልጃቸውን እስከመጨረሻው ሰሟት። አላቋረጧትም። ወይዘሮ ሙሉሽ ጓዳው በር ላይ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ቆማ ነበር።

"ልጁ ምን አጠፋ?" አሉ አቶ ፋንታሁን በመጨረሻ። "ምንም። ጨዋ ነው፤ ታታሪ ነው። በሰው ፊት እጁን ጨብጬ አመስግኜዋለሁ፤ ነገም አመሰግነዋለሁ።"

"እንግዲያው አባባ..."

"የሰውን ልጆች ያስተምር። የእኔን ልጅ ግን አያገባም።"

"ለምን? ሃይማኖታችን ስለሚለያይ ነው? በእናቱ ነው?"

"አታስለፍልፊኝ። ታውቂዋለሽ።" ተነሥተው ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። "እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ነገ ይህቺ ከተማ ልጅሽን በምን ስም እንደምትጠራው አስበሻል? እኔ አስቤዋለሁ። ልትሄጂ ከፈለግሽ በጉልበት አልይዝሽም። መምህርት ነሽ፣ ደመወዝ አለሽ። ከወጣሽ ግን የወጣሽ ዕለት ነው ከዚህ ቤት ጋር የጨረስሽው። እናትሽም አትከተልሽም።"

ሶሲ ዞራ እናቷን ስታያት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ አገኘቻት። ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም፤ ሆኖም ከዚያው ብቸኝነት ውስጥ አንድ ደስ የሚል ድፍረት ብቅ አለ። እንግዲህ የምታጣውን ሁሉ አጥታለች፤ የቀራት መሄድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ይህንኑ ለእዮብ ነገረችው። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት። እዮብ ለፈተና እርማት ትምህርት ቤት የዋለበትን ቀን ጠብቃ፣ ሞተር ተኮናትራ ወደ እናቱ መንደር ወጣች። እሱ አላወቀም።

የእዮብ እናት ከደጃፏ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች። ሶሲን ስታይ አልደነገጠችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንድትቀመጥበት ዱካ አቀረበችላት። አማርኛ የምትናገረው እየተንገዳገደች ነው፤ ሶሲ ደግሞ አሪኛ ትሰማለች። በሁለቱ መካከል ተግባቡ።

"እማማ፣ ገበያ ላይ አይቼዎት ሰላም ሳልልዎት ያለፍኩት እኔ ነኝ" አለች ሶሲ።

"አውቃለሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

ሴትየዋ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። "ውሃ ይስጡኝ" አለች ሶሲ።

"ከኛ ቤት ትጠጫለሽ?"

"እጠጣለሁ።"

የእዮብ እናት ገብታ በቅል ውሃ ይዛ ወጣች። ሶሲ ሳታቋርጥ ጠጥታ ጨረሰች። ሴትየዋ ጉሮሮዋን እያየች ቆመች፤ ከዚያ "ጎበዝ" አለች ቀስ ብላ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ሶሲ በዚያች ሰዓት የተቀበለቻት መሰላት።

"ልጄ ይወድሻል" አለች የእዮብ እናት ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ። "ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። አንቺም ክፉ አይደለሽም። ቤቴ መጣሽ። ከእናንተ ወገን ቤቴ የመጣ የለም።"

"አባቴ እምቢ ብሏል። እኔ ግን እወጣለሁ። ሌላ ቤት እንኖራለን።"

"ከተማ ለትምህርት ሲሄድ ትንሽ ነበር" አለች ሴትየዋ፤ እንዳልሰማች ሆና። "የተከራየበት ቤት ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ነበረች። አልሰደበችውም። ኩባያ ግን ለብቻው ሰጠችው። እሱ አልነገረኝም፤ እኔ ልጠይቀው ስሄድ አየሁ። ኩባያውን ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ለብቻው ያስቀምጠዋል። እንዲህ አድርግ ያለው እንኳ የለም። እኔ ያኔ አለቀስኩ። ልጄን ሰው እንደ ሸክም ሲችለው አይቼ ጠግቤያለሁ።"

"እኔ ችዬው አይደለም፤ እወደዋለሁ።"

"አንቺ ትወጂዋለሽ። ነገ አባትሽ ይታረቁሻል። አባት ነው፤ አይጨክንም። ልጅ ስትወልጂ ይጠሩሻል። እሱም አብሮሽ ይሄዳል። የሠርግ ቀን፣ የለቅሶ ቀን፣ በዓል ቀን። እዚያ ቤት እናትህ የት ናት ቢሉት ምን ይላል?"

ሶሲ ባዶውን ቅል መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ገበያ ላይ አንቺን አላውቃትም አለኝ" አለች የእዮብ እናት። "አንቺን እያየ አላውቃትም አለ። ውሸት ምን እንደሆነ ያን ቀን ከልጄ አፍ ሰማሁ። ዛሬ አንቺን ያላወቀ ልጅ፣ ነገ በእናንተ ቤት እኔን አላውቃትም ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ስለሚወድሽ ነው።"

"እማማ..."

"አንድ ነው ያለኝ። ሦስት ቀበርኩ፤ እሱ ቀረ። ተይልኝ።" በጭቃ የተለወሰ እጇን የሶሲ ጉልበት ላይ ልታሳርፍ ብላ፣ ቀሚሷን እንዳታቆሽሽባት መልሳ ሰበሰበችው። "እኔ እንዳልኩሽ አትንገሪው። ካወቀ እኔን ይጠላል። አንቺን ያጣ ይበቃዋል፤ ሁለታችንን አይጣ።"

ሶሲ ያንን የተሰበሰበ እጅ አየችው። ሞተረኛው ከታች ጥሩምባውን ነፋ። ተነሥታ የሴትየዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። "እሺ" አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ወደ ኋላ የሚጎትታት ነገር እንዲኖር ተመኘች። ማንም አልጠራትም።

በማግስቱ እዮብ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። ፊቱ ገበያ ላይ እንዳየችው ያለ ፊት ነበር።

"ርዕሰ መምህሩ ሽማግሌ ሆነው ለመሄድ እሺ ብለዋል" አላት ገና ሳትቀመጥ። "የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም አሉ። እሑድ አባትሽ ዘንድ ይሄዳሉ። እምቢ ቢሉም አንድ ጊዜ በወግ መጠየቅ አለባቸው። ካልሆነ ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን። ቤትም አይቻለሁ፤ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለው።"

"አይሂዱ" አለች ሶሲ።

"ማን?"

"ሽማግሌዎቹ። አይሂዱ፣ እዮብ።"

መጀመሪያ ፈገግታው አልጠፋም፤ ስላልገባው ነው። "ፈራሽ?"

"አይሆንም። እኔና አንተ አይሆንልንም።"

"ከትናንት ወዲያ ለአባቴ ነገርኩት አላልሽኝም? የመጣው ይምጣ አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ በሁለት ቀን ምን መጣ? አባትሽ ናቸው?"

አዎን ብትል ውሸት ነው፤ አይደለም ብትል ማን ነው ይላታል። ከአጥሩ ውጭ የከሰዓት ተማሪዎች ጫጫታ እየጨመረ መጣ። እዮብ ቀረብ ብሎ ቆመ፤ ልታየው አልቻለችም።

"እሺ። አባትሽ ይሁኑ። ይህን እችለዋለሁ" አለ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም። ታፍሪብኛለሽ?"

አላፍርብህም የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ከዚህች አንዲት ቃል በኋላ እንደማይለቃት፣ እሷም እንደማትለቀው ታውቃለች። እናቱን አሰበች። በአንድ ቃል እናትና ልጅን ታለያያለች፤ በአንድ ዝምታ ደግሞ እሱን ታጣለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እዮብ ያን ያዞረችውን ፊት ለረጅም ጊዜ አየው። ገበያ ላይም ያየው ይህንኑ ፊት ነበር።

"ገባኝ" አለ። ደብተሮቹን አንሥቶ በእርጋታ ወጣ። በሩን እንኳ አላላተመም። ሶሲ ተከትላ ልትሮጥ እግሯን አነሣች፤ ግን ተማሪዎቹ በሩን ሞልተው ገቡ፤ "ደህና ዋልሽ ቲቸር" እያሉ፣ እየተገፋፉ፣ በአንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት እየሆኑ ተቀመጡ። ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ርዕስ ጻፈች። ፊቷን ወደ እነሱ እንዳትመልስ ረጅም ማስታወሻ ጻፈችላቸው፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጻፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልረበሸም።

እዮብ በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሩቅ ጠረፍ ላይ ወዳለችው ኦሞራቴ ሄደ። እዚያ በራሱ ፈቃድ የሚሄድ መምህር ስለማይገኝ ወዲያው ተፈቀደለት። የስንብቱ ዕለት መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተው ሰዓት ሰጡት። ስጦታውን እንዲያበረክቱ የተጠሩት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ነበሩ። አቶ ፋንታሁን እጁን ጨብጠው "ልጅ ማለት እንዳንተ ነው" አሉት። ሶሲ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች።

ቤት ውስጥ ሰላም ወረደ። አባቷ ድምፃቸው ለስልሶ ልጄ ማለት ጀመሩ፤ እናቷ አዲስ ቀሚስ አሰፋችላት። የአርባ ምንጭ ነጋዴ ልጅ ሊጠይቃት እንደሚመጣም ተነገራት። ይምጣ አለች። ይህን ስትል ምንም አልተሰማትም፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ከወራት በኋላ፣ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ዘጠነኛ ሲ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ስልኳ ጠራ።

"ሶሲ፣ እዮብ ነኝ።"

"አወቅኩህ።"

"ረበሽኩሽ?"

"አይ። ተማሪዎቹ ገና አልገቡም።"

"እኔም ይህን ሰዓት አውቄ ነው።" ከጀርባው ነፋስ ይሰማል። "እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው። ልጆቹ ግን ጎበዞች ናቸው፤ ከፍየሎቻቸው ጋር ይመጣሉ።" ትንሽ ሳቀ።

"እናትህ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ነበር።" ቆም አለ። "ስላንቺ ጠየቀችኝ። ያቺ መምህርት ደህና ናት ወይ፣ ከሳች ወይ አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ሶሲ፣ እናቴ አንቺን እንዴት አወቀችሽ?"

ሶሲ ከወንበሩ ተነሣች። የሚለምናት ድምፁ ነበር። አንድ ነገር ብትለው፣ እንዲያው ትንሽ ነገር ብትለው፣ ዛሬውኑ መኪና ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች። እናቱ ደግሞ ደጃፏ ላይ ብቻዋን ጭቃ ስታሻ ታየቻት።

"እንጃ" አለች። "ገበያ ላይ አይተውኝ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለ እዮብ።

"ተማሪዎቹ እየገቡ ነው።"

"አስተምሪ በቃ። ደህና ሁኚ፣ ሶሲ።"

የግቢው በር ግን ገና አልተከፈተም ነበር። ሶሲ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ባዶዎቹ ዴስኮች መካከል ቆመች። ከእንግዲህ ወዲያ እንደማይደውል አወቀች፤ ቢደውልም የምትነግረው እውነት እንደሌላት አወቀች። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን እምቢ አላት።